የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሞዴል ባቡር ሐዲድ መቀየሪያን ያለ ሞተር ማንቀሳቀስ

ወደዚህ አምድ በቅርቡ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፤ የሐዲድ መቀየሪያን ያለ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ በዘንግ፣ በሽቦና በካቦ፣ በእጅ ኃይል ብቻ ስለ ማንቀሳቀስ። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገፉ በአንድነት መልስ ሰጥተንባቸዋል። ከዚህ በታች ምላስ የምንለው ባቡሩን ወደ አንዱ መስመር የሚመራውን ሾጣጣ ተንቀሳቃሽ ሐዲድ ነው፤ ቋሚ ሐዲድ ምላሱ ተጠግቶ የሚያርፍበት ነው፤ አያያዥ አግዳሚ ሁለቱን ምላሶች አጣምሮ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው ቁራጭ ሲሆን፣ መሻገሪያ ደግሞ ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ሹል ብረት ነው።

ጥያቄ፦ የሞዴሌ መጠን ኤች ኦ፣ ማለትም ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰው ነው። ከጠረጴዛው ጠርዝ 70 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ የሚገኘውን መቀየሪያ ለማዞር 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሽቦ ከጠረጴዛው ሥር አሳልፌ ፊት ለፊት እጀታ ገጥሜለታለሁ። እጀታውን ስስበው ምላሱ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፤ ስገፋው ግን ክፍተት ይቀርና ሠረገላዎቹ እዚያ ላይ ከሐዲድ ይወጣሉ። ወፍራም ሽቦ ብጠቀም ይሻላል?

መልስ፦ ሽቦውን ከመለወጥዎ በፊት በምን እንደተደገፈ ይመልከቱ። ሲሳብ በትክክል ሠርቶ ሲገፋ የሚሰንፍ ዘንግ ብዙውን ጊዜ መሐሉ ላይ እየጎበጠ ነው። እርስዎ የተጠቀሙበት ዓይነት የብረት ሽቦ 70 ሳንቲ ሜትር ሙሉ ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ጫፉ ሲገፋ፣ የ100 ግራም ክብደት ያህል ኃይል ሲያርፍበት ብቻ መጉበጥ ይጀምራል። ያው ሽቦ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እንዲያልፍ ቢደረግ ግን ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ግፊት ይችላል፤ ምክንያቱም ድጋፍ የሌለው ርዝመት በግማሽ ሲቀንስ ሽቦው ሳይጎብጥ የሚሸከመው ግፊት አራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር ትንንሽ የተበሱ የእንጨት ቁራጮችን ወይም አጫጭር የነሐስ ቱቦዎችን በተርታ ቢያስሩ፣ ቀዳዳዎቹም በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ቢውሉ፣ አሁን ያለዎት ሽቦ በደንብ ይበቃዎታል። ውፍረቱን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ማሳደግም ጥንካሬውን ከሦስት እጥፍ በላይ ይጨምራል፤ ሆኖም ድጋፍ መጨመር ከዚያ የሚቀልና የበለጠ የሚያተርፍ ሥራ ነው።

ቀጥሎ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይፈትሹ። 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ 1.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ በዚያች አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ በከንቱ ይባክናል። ከእጀታው እስከ ምላሱ እንዲህ ያሉ ሦስት መገጣጠሚያዎች ቢኖሩ የሚባክነው 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በኤች ኦ መጠን የምላሱ ጠቅላላ ጉዞ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ልቅነት የጉዞውን ግማሽ ይበላል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀዳዳውን በሽቦው ልክ መብሳት፣ አስቀድሞ የሰፋ ከሆነም በውስጡ ቀጭን የነሐስ ቱቦ ቁራጭ ማስገባት ነው። የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ሲያጥፉም እጥፋቱ ክብ ሆኖ እንዳይቀር፣ ጥርት ያለ ቀጥተኛ ማዕዘን እንዲሆን ይጠንቀቁ፤ ክብ እጥፋት ቀዳዳው ውስጥ እየተንሸራተተ ሌላ ልቅነት ይወልዳል።

ሦስተኛው ነገር እንቅስቃሴው በየት ላይ እንደሚቀነስ መወሰን ነው። ከጠረጴዛው ሥር ባለው ዘንግና ከላይ ባለው አያያዥ አግዳሚ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብላ የምትቆም የሞላ ሽቦ አለች፤ ይህች ሽቦ ከጠረጴዛው ግርጌ ላይ በተገጠመ ዝርግ ብረት ቀዳዳ ውስጥ አልፋ በዚያ ነጥብ ላይ ትወዛወዛለች። ከዚህ መወዛወዣ ነጥብ እስከ አግዳሚው ያለው ቁመት 25 ሚሊ ሜትር፣ ከነጥቡ በታች እስከ ዘንጉ ያለው ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የዘንጉ 6 ሚሊ ሜትር ጉዞ ከላይ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብዙዎች የማያስተውሉት የዚህ አሠራር ትልቅ ጥቅም አለ፤ ኃይሉ በእጥፍ ከማደጉም በላይ ከታች በየመገጣጠሚያው የተጠራቀመው ልቅነት ሁሉ አብሮ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ እንቅስቃሴው የሚቀነሰው እጀታው አጠገብ ሳይሆን መቀየሪያው ሥር መሆን አለበት። አቅጣጫው እንደሚገለበጥ፣ ማለትም ዘንጉ ወደ ፊት ሲመጣ ምላሱ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ግን አይርሱ። ሽቦዋ የምታልፍበት የጠረጴዛው ቀዳዳም ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሞላላ ይሁን፤ ጠባብ ክብ ቀዳዳ ሽቦዋን በጉዞዋ መጨረሻ ላይ ስለሚያግዳት ውጤቱ ልክ እርስዎ የገለጹትን ዓይነት ክፍተት ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳብ እንድረስ፤ እኔ በዚህ ሥራ ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው እርሱን ነው። ከእጀታው እስከ መቀየሪያው ያለው መንገድ ሁሉ ደንዳና መሆን አለበት፤ የሚለጠጠው ወይም የሚተጣጠፈው ነገር አንድ ብቻ ሆኖ እርሱም ከመቀየሪያው አጠገብ መገኘት አለበት። ዘንጉ ልክ 3 ሚሊ ሜትር ሄዶ ምላሱ ቋሚው ሐዲድ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ መለካት በወረቀት ላይ ይቻላል፤ በተግባር ግን አይጸናም። ይልቁንስ ዘንጉ ከሚያስፈልገው በላይ ጥቂት እንዲጓዝ ያድርጉና ትርፉን አንድ ሞላ እንዲወስደው ይተዉለት። ይህ ሞላ ከላይ ያነሳናት ቀጥ ብላ የምትቆም ሽቦ ራሷ ልትሆን ትችላለች፤ ወይም ከዘንጉ ጋር በተያያዘው አጭር ሽቦ መሐል ላይ በፒንሳ የተጠመዘዘ የፈረስ ኮቴ መሰል ጥምዝ ሊሆን ይችላል። ጉዞውን የሚገታው ማቆሚያም እጀታው ላይ እንጂ ምላሱ ላይ አይሁን፤ ምላሱ ማቆሚያ ሆኖ ሲያገለግል እያንዳንዱ ጠንከር ያለ ስበት ስሱን አግዳሚ ስለሚያስጨንቀው ውሎ አድሮ ምላሱ ከአግዳሚው ጋር ከተያያዘበት ቦታ ይላቀቃል።

ጠረጴዛው ወፍራም ፎም ያለበት ከሆነ በቀጭን ሽቦ አይሞኙ። ሽቦው ሲረዝም የሚለሰልሰው በርዝመቱ ልክ አይደለም፤ ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ስምንት ጊዜ ይለሰልሳል። ውፍረቱ ከ0.8 ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ደግሞ ጥንካሬው አምስት እጥፍ ይሆናል። በስስ ጣውላ ላይ 0.8 ሚሊ ሜትሩ ያገለግላል፤ 6 ሳንቲ ሜትር ፎም ለማለፍ ግን 1.2 ሚሊ ሜትሩን እመርጣለሁ።

ሥራው ሲያልቅ ከጽሕፈት ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቀድደው በተዘጋው ምላስ ጫፍና በቋሚው ሐዲድ መካከል ያስገቡና ቀስ ብለው ይሳቡት። ወረቀቱ ከተያዘ ምላሱ በበቂ ኃይል ተጭኗል ማለት ነው፤ እየተንሸራተተ ከወጣ ግን ዓይንዎ ዝግ ነው ቢልዎትም የመንኮራኩሩ ጠርዝ ያንን ክፍተት ያገኘውና ከሐዲድ ይወጣል። ፈተናውን በሁለቱም ወገን ያድርጉት።

ጥያቄ፦ የገዛኋቸው መቀየሪያዎች ፔኮ የተባለው የሞዴል ሐዲድ አምራች ሥሪት ስለሆኑ በውስጣቸው ትንሽ ሞላ አለ። ከዘንግ ጋር ሳገናኛቸው ሞላውን ላውጣው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ምላሱን በቦታው አጽንቶ የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። የእርስዎ ዘንግ በእጅ ተገፍቶ ወይም ተስቦ ሲለቀቅ በራሱ የማይቆለፍ፣ ልልና ቀላል ከሆነ ሞላውን ይተዉት፤ መሐሉን ካለፈ በኋላ ምላሱን ወስዶ የሚያሳርፈውም ሆነ የሚይዘው እርሱ ነው። ከታች የተገጠመው ግን ተንሸራታች ስዊች ወይም በራሱ ጠቅ ብሎ የሚቆም እጀታ ከሆነ ሁለት ያዦች ይፋለማሉ፤ የሁለቱ መቆሚያ በጥቂት እንኳ ካልተገጣጠመ ምላሱ በመሐል ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ሞላው ይውጣ። የሚገኘው በአያያዡ አግዳሚ አጠገብ ባለች ትንሽ የብረት ክዳን ሥር ነው፤ ክዳኗ ስትነሳ ሞላው ተፈናጥሮ ስለሚጠፋ አስቀድመው በጣትዎ ወይም በጨርቅ ይሸፍኑት፤ ሲወጣም በጥንቃቄ ያስቀምጡት፤ መቀየሪያውን ሌላ ቦታ ሲያውሉት ይፈልጉታል።

ጥያቄ፦ መቀየሪያዎቼን በተንሸራታች ስዊች አንቀሳቅሳለሁ። የመሻገሪያው ብረት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ዓይነት ሲሆን ባቡሮቼም በዲጂታል ዘዴ የሚነዱ ናቸው። መቀየሪያውን ባዞርኩ ቁጥር መስመሩ በሙሉ ለአፍታ ኃይል አጥቶ ሁሉም ባቡሮች ይቆማሉ።

መልስ፦ ተንሸራታች ስዊች መምረጥዎ በጣም ጥሩ ነው፤ በአንድ እንቅስቃሴ ምላሱን ይወስዳል፣ ይዞም ያቆያል፣ የመሻገሪያውንም ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ችግሩ ያለው በጊዜ አለመገጣጠም ላይ ነው። መሻገሪያው እንደተመረጠው መስመር ከግራው ወይም ከቀኙ ቋሚ ሐዲድ ጋር አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ እንዲኖረው ይገባል፤ ይህም የሚሆነው ከስዊቹ መካከለኛ እግር ወደ መሻገሪያው፣ ከሁለቱ ዳር እግሮች ደግሞ ወደ ሁለቱ ቋሚ ሐዲዶች ሽቦ በመዘርጋት ነው። ምላሶቹ ከመሻገሪያው ጋር በኤሌክትሪክ የተገናኙ ከሆኑና ስዊቹ ምላሱ ከቋሚው ሐዲድ ሳይላቀቅ አስቀድሞ ከቀየረ፣ ምላሱ የተነካውን ሐዲድ ከተቃራኒው ጋር ያገናኝና ሾርት ይፈጠራል። የዲጂታሉ መቆጣጠሪያ ደግሞ ሾርት እንዳየ ወዲያው ኃይል ስለሚያቋርጥ፣ በዚያ ክፍል ያለው ባቡር ሁሉ ይቆማል።

ሁለት መፍትሔ አለ። የመጀመሪያው ስዊቹን ማስተካከል ነው፤ ምላሶቹ ልክ መሐል ላይ ሲሆኑ የስዊቹም አንቀሳቃሽ ልክ መሐል ላይ እስኪሆን ድረስ ስዊቹን ወዲያና ወዲህ እያንሸራተቱ፣ በቴስተር እየለኩ ብሎኖቹን ማጥበቅ ነው። ለዚህም የስዊቹ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ አስቀድሞ ሞላላ ተደርጎ ቢሞረድ ሥራው እጅግ ይቀላል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው መፍትሔ ምላሶቹን ከመሻገሪያው በኤሌክትሪክ መለየትና እያንዳንዱን ምላስ አጠገቡ ካለው ቋሚ ሐዲድ ጋር በቀጭን ሽቦ በዘላቂነት ማገናኘት ነው። እንዲህ ሲሆን ምላሱ ከቋሚው ሐዲድ ጋር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሚሆን ቀደመም ዘገየም ጉዳት የለውም፤ በተከፈተው ምላስ በኩል የሚያልፍ መንኮራኩር በጀርባው ምላሱን ቢነካም ሾርት አይፈጠርም።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ላንሳ። ከብረት የተሠሩ ዘንጎች ከጠረጴዛው ሥር ሲተላለፉና ሲነካኩ፣ አያያዡ አግዳሚም ብረት ከሆነ፣ ማንም የማይጠረጥረው ሾርት በዘንጎቹ በኩል ይመጣል። በእያንዳንዱ ዘንግና በመቀየሪያው መካከል ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት የተሠራ አጭር ማያያዣ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ዘንጉ በጠረጴዛው እግሮች ምክንያት ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፌ ባጠማዝዘው ይሠራል? ከእጀታው እስከ መቀየሪያው ያለው መታጠፍ ተደምሮ ግማሽ ክብ ይሆናል።

መልስ፦ ይሠራል፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች ይወስኑታል። የመጀመሪያው ሰበቃ ነው። ሽቦው በቱቦው ውስጥ የሚገጥመው ሰበቃ በዋናነት የሚያድገው በመታጠፊያዎቹ ጠቅላላ ማዕዘን ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ ተገቢ በሆነ ግምት አንድ ቀጥተኛ ማዕዘን መታጠፍ እጀታው ላይ የሚያስፈልገውን ኃይል በ1.4 ገደማ ያባዛዋል፤ ግማሽ ክብ ወደ 2 እጥፍ ያደርሰዋል፤ ሙሉ ክብ ከሆነ ደግሞ 3.5 እጥፍ ይሆናል። የእርስዎ ግማሽ ክብ ስለሆነ የሚቻል ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መንገዱን በክርን ቅርጽ ማዞሪያ፣ ማለትም መታጠፊያው ላይ እየተወዛወዘ ግፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ በሚመራ የታጠፈ ቁራጭ መቀየር ይሻላል። ሰፋ ያለ መታጠፊያም ይምረጡ፤ ጠባብ ከሆነ ሽቦው ራሱ ሲተጣጠፍ ተጨማሪ ኃይል ይበላል።

ሁለተኛው የቱቦው ስፋት ሲሆን፣ እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። ሽቦው ሲሳብ የመታጠፊያውን ውስጠኛ ግድግዳ ተጠግቶ ይሄዳል፤ ሲገፋ ደግሞ ወደ ውጭኛው ግድግዳ ይዛወራል። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር የሚባክን ጉዞ አለ፤ መጠኑም በቱቦውና በሽቦው መካከል ያለው ክፍተት በመታጠፊያው ማዕዘን ተባዝቶ ይገኛል። 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ 1.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ በግማሽ ክብ ቢታጠፍ የሚባክነው 2.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ከምላሱ ሙሉ ጉዞ ብዙም አይተናነስም። ያንኑ ሽቦ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ ቢያሳልፉት የሚባክነው ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ ቱቦው ለሽቦው ጠበቅ ይበል፤ ሁለቱም ጫፎቹ ከጠረጴዛው ጋር በጽኑ ይታሰሩ፤ መሐሉም በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይያዝ፤ ቱቦው ራሱ ከተንቀሳቀሰ ሽቦው የሚሠራው ሥራ የለምና። የብስክሌት ፍሬን ካቦ የሚጠቀሙ አንባቢዎችም አሉ፤ ከቀጫጭን ክሮች የተገመደ ካቦ ለመሳብ እንጂ ለመግፋት ስላልተሠራ፣ መልሶ የሚስብ ሞላ በመቀየሪያው በኩል ይጨምሩበት። ዘይት ግን አያፍስሱ፤ ዘይት ቀስ እያለ ወደ ሐዲዱ ይደርስና የመንኮራኩሮቹን የኤሌክትሪክ ንክኪ ያበላሻል። ደረቅ የቴፍሎን ማለስለሻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ 1.5 ሜትር የሚረዝም የናይለን ዘንግ አለኝ። በቀዝቃዛ ወራት በትክክል ይዘጋ የነበረ መቀየሪያ ሙቀት ሲመጣ አልዘጋ አለኝ።

መልስ፦ ጥፋቱ የናይለኑ ነው። ይህን ያህል የሚረዝም የናይለን ዘንግ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በዚያው ሁኔታ ብረት የሚረዝመው 0.36 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በብረት ሽቦ ይተኩት፤ ቀሪውን መቀየሪያው አጠገብ ያለው ሞላ ይውጠዋል። በእውነተኛው የባቡር መስመር ዘንጎቹ በመቶዎች ሜትር ስለሚረዝሙ ይህ ችግር በሞላ የሚታለፍ አልነበረም፤ መሐንዲሶቹ ዘንጉን በእኩሌታው ላይ በክርን አቋርጠው፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሲገፋ ሁለተኛው እንዲሳብ አደረጉ። እንዲህ ሲሆን የአንዱ አጋማሽ መርዘም የሌላውን ያጣፋዋል። ረጅም ዘንግ ያለው አንባቢ ይህንኑ በሞዴሉ ሥር ሊሠራው ይችላል፤ ሲሠራ ማየትም ደስ ያሰኛል።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛዬ ለሁለት የሚከፈል ነው። ዘንጉ መጋጠሚያውን እንዴት ያልፋል?

መልስ፦ ባያልፍ ይመረጣል፤ እጀታውን መቀየሪያው ባለበት ክፍል ጎን ላይ ይግጠሙት። የግድ ከሆነ ሁለቱ ዘንጎች ሳይያያዙ ጫፍ ለጫፍ እንዲገፋፉ፣ የወዲያኛውንም ሞላ እንዲመልሰው ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እንደ ድሮው የባቡር መቆጣጠሪያ ቤት እጀታዎቹን በአንድ ረድፍ ደርድሬያለሁ። መቀየሪያው ሳይዞር የመስመሩ ምልክት እንዳይከፈት በሜካኒካል መንገድ መቆለፍ እፈልጋለሁ። አስቸጋሪ ነው?

መልስ፦ ትዕግሥትና ሞረድ ይጠይቃል እንጂ አስቸጋሪ አይደለም፤ በእጅ ከሚሠሩት ነገሮች ሁሉ የበለጠ የሚያረካውም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጆን ሳክስቢ በብሪታንያ መቀየሪያዎችንና ምልክቶችን በአንድነት ስለሚያንቀሳቅስ መሣሪያ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው፤ በ1889 የወጣው ሕግ ደግሞ መቀየሪያና ምልክት እርስ በርስ እንዲቆላለፉ መንገደኞችን በሚያጓጉዙ መስመሮች ላይ ግዴታ አደረገ። በዚያ አገር ልማድ የመቀየሪያ እጀታ ጥቁር፣ የማቆሚያ ምልክት እጀታ ቀይ፣ የመቀየሪያ መቆለፊያ እጀታ ሰማያዊ፣ ሥራ የሌለው እጀታ ነጭ ይቀባል፤ እርስዎም ቢከተሉት እጅዎ አይሳሳትም።

የቁልፉ አሠራር እንዲህ ነው። እያንዳንዱ እጀታ ከኋላው አንድ ዝርግ ብረት ይጎትታል፤ የመቀየሪያውና የምልክቱ ዝርግ ብረቶች ጎን ለጎን ትይዩ ሆነው ይንሸራተታሉ። በመካከላቸው አንዲት አጭር ቆላፊ ቁራጭ ወደ ሁለቱም ወገን ብቻ እንድትሄድ ተደርጋ ትቀመጣለች። የቁራጯ ርዝመት በሁለቱ ብረቶች መካከል ካለው ክፍተት ይበልጣል፤ የሚበልጠውም በብረቶቹ ጠርዝ ላይ በሚሞረደው ጎድጓድ ጥልቀት ልክ ነው። ስለዚህ ቁራጯ ሁልጊዜ ከሁለቱ ጎድጓዶች በአንዱ ውስጥ መግባት አለባት። በምልክቱ ብረት ላይ ጎድጓዱን እጀታው በመደበኛ ቦታው ሲሆን ከቁራጯ ፊት ለፊት እንዲውል አድርገው ይሞርዱ፤ በመቀየሪያው ብረት ላይ ግን እጀታው ሲሳብ ብቻ ፊት ለፊት እንዲመጣ ያድርጉ። መቀየሪያው ካልዞረ ቁራጯ የምትሸሽበት ቦታ ስለሌላት የምልክቱ እጀታ ንቅንቅ አይልም። መቀየሪያው ከዞረ በኋላ ምልክቱ ሲሳብ ቁራጯ ተገፍታ ወደ መቀየሪያው ጎድጓድ ትገባለች፤ ከዚያ ወዲያ ምልክቱ እስኪመለስ ድረስ መቀየሪያውን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

የጎድጓዶቹን ጎኖችና የቁራጯን ጫፎች በ45 ዲግሪ ያጋድሟቸው፤ ቀጥ ያለ ጎን ካላቸው ቁራጯ ከመንሸራተት ይልቅ ትነክሳለች። ብረቶቹ ወደ ጎን እንዳይሸሹም ከውጭ በኩል ይደገፉ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ከሸሹ ቁልፉ በኃይል ሊታለፍ ይችላል። ሲጨርሱ የእጀታዎቹን አቀማመጦች ሁሉ በእጅዎ ይሞክሯቸው። ሁለት እጀታ ከሆነ አራት አቀማመጥ አለ፤ ሦስቱ መፈቀድ፣ ምልክቱ ተከፍቶ መቀየሪያው ያልዞረበት አንዱ ብቻ መከልከል አለበት። እጀታዎቹ አምስት ከሆኑ አቀማመጦቹ 32 ይደርሳሉና፣ የተፈቀዱትንና የተከለከሉትን በሰንጠረዥ ጽፈው እያንዳንዱን እየሞከሩ ምልክት ያድርጉበት፤ ዝርግ ብረቶቹን በክዳን የሚሸፍኑት ሰንጠረዡ ከሞላ በኋላ ይሁን።